ክምሩ ሳይበርድ

ረቡዕ፣ ግንቦት 3 ቀን 2008

ጭሱ ገና ነጭ ነው። ይግዛው ጠዋት የከሰሉን ክምር ዞሮት መጣና "አልደረሰም" አለኝ። ባሌ ነው፤ የሚታየውን ነገር ካልተናገረ አያስችለውም። እኔም እኮ ዓይን አለኝ። ነጭ ጭስ ማለት እንጨቱ ውኃውን እየተፋ ነው። ቀጥኖ ሰማያዊ ሲመስል አፈር ጨምረን እንደፍነውና እስኪበርድ እንጠብቃለን። የእኛ አገር ከሰል አክሳይ የሚመዝነው በመዳፉ ነው፤ መዳፍህን አፈሩ ላይ አድርገህ አባታችን ሆይን ከዳር እስከ ዳር ስትደግም ካላቃጠለህ በርዷል። ካቃጠለህ ወደ ቤትህ ግባ።

የእኛ የሚጫነው የሚመጣው ሳምንት ነው። የዚህ ቅዳሜ መኪና የአያ ደሴና የስንዱ ነው። አያ ደሴ ከአጥራችን ማዶ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ስንዱ ደግሞ ከታች በኩል ጎረቤቴ ናት።

ዛሬ ማድረግ ያለብኝ፦ ማዳበሪያ ከረጢቶቹን መጣፍ። ቢጫ ሲባጎ መግዛት። ጤፍ መግዛት፣ ዋጋው ካልጨመረ። ጨምሯል።

እንዴት አይጨምር? ድሮ ገብስና ድንች የነበረው መሬት ሁሉ ዛሬ ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ነው። አፈሩ ጎምዝዞ ምርት ሲነፍገን ትከሉ አሉን፤ ችግኝ ሰጡን፣ ተከልን። እውነቱን ለመናገር አልፎልናል። የቤቴ ቆርቆሮ የመጣው ከዚያ ዛፍ ነው። ግን ሁሉም ዛፍ ከተከለ እህሉን ማን ያምርት? ከሰላችን በመኪና ይሄዳል፣ ጤፉ ከሰው አገር በመኪና ይመጣል። ከተማ መብራት ሲጠፋ የከሰል ዋጋ ይጨምራል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መብራት እንዲጠፋባቸው የተመኘሁበት ቀን አለ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 4

ስንዱ ከወፍጮ ቤት እየሮጠች መጣች። ወሬ እሷ ዘንድ አያድርም። "ጉድሽን አልሰማሽም? ከሰኞ ጀምሮ ለከሰል መሸኛ የለም!"

መሸኛ ግብርና ጽሕፈት ቤቱ የሚሰጠው ወረቀት ነው። እሱ ከሌለ ከሰሉ ኬላ ላይ ይወረሳል። ማን ነገረሽ አልኋት። ከሰላችንን የሚገዛው ደላላ። ደላላው ከማን ሰማ? ደብዳቤ መጥቷል አሉ። ደብዳቤውን ማን አየው? ማንም።

ቀበሌ ሄድሁ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነው። የግብርና ባለሙያዋ ጋ ደወልሁ፤ ኔትወርክ የለም። ለደላላው ግን ኔትወርክ አለ! አዲስ ቅዳም ከተማ አስፋልቱ ዳር ቆሞ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ከለመድነው ዋጋ ቀንሶ ይጠራል። "ሰኞ ይኼንንም አታገኙት" ይላል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ሞኝ እያደረገኝ እንደሆነ እያወቅሁ ፈራሁ።

ምክንያቱ ይኼ ነው። ይኼ ከሰል ካልተሸጠ ክረምቱን የምንበላው የለንም። ጎተራችን ውስጥ ዶሮ ታቅፋበታለች። በሬዎቹንም ዛፍ አይታረስም ብለን ሸጠናቸዋል። ያኔ ይግዛው የምንጩን ዳር ለገብስ እንተው ሲለኝ "አንተ የድህነት ናፋቂ" ብዬው ነበር።

ማምሻውን ጭሱ ቀጠነ። ደፈንነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 5

ጠዋት "ዛሬ ከፍተን እናውጣውና ነገ ከእነሱ ጋር ይጫን" አልሁት።

"ትናንት ማታ የደፈንነውን?"

"ሰኞማ መሸኛ የለም።"

"ዛሬ አቦ ነው፤ በአቦ ቀን አፈር አልነካም" አለና ጋቢውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እኔን መከራከር ሲያቅተው ታቦት መሃል ያስገባል።

ብቻዬን ወደ ክምሩ ሄድሁ። መዳፌን አፈሩ ላይ አድርጌ አባታችን ሆይን ጀመርሁ። የዕለት እንጀራችንን የሚለው ላይ ስደርስ እጄን አነሳሁት። ወይ እንጀራ! ከዚያ በላይ አልቻልሁም።

ከፈትሁት። እፍታው ላይ ቀይ ነገር አላየሁም፤ አፈር እየበተንሁ አቀዘቀዝሁት። ስንዱም አግዛኝ በከረጢት ስንከት ዋልን። በጣም ጥሩ ከሰል ነው፤ ሲነካ እንደ ሸክላ ይጮሃል። ስንዱ ሁለት ጊዜ "አይ ብርቄ፣ አይሞቅም?" አለችኝ። የአፏን መሸበቢያ ያጣች ዛሬ ጠንቃቃ ሆነች።

ይግዛው ሲመለስ አንዱን ከረጢት ከሥሩ ዳበሰው።

"ይኼ ይሞቃል።"

"ፀሐይ ላይ ስለዋለ ነው" አልሁት።

አቦን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 6

የዛሬውን እንደሆነው ልጻፈው።

ጠዋት ከተማ አስፋልቱ ዳር ተጫነ። የአያ ደሴ ከሥር፣ የእኛ መሃል፣ የስንዱ ከላይ። አያ ደሴ "የእናንተ ለሚመጣው አልነበረም እንዴ?" አሉኝ። "ቀድሞ ደረሰ" አልኋቸው። አዩኝ። ፊቴን አዙሬ ከረጢት ማቀበል ጀመርሁ።

መኪናው ከተማውን ሳይወጣ፣ ገና ኬላው ጋ ሳይደርስ፣ ከላይ የተቀመጠው ጫኝ "ጭስ! ጭስ!" እያለ ጮኸ። ሾፌሩ ወደ ገበያው ሜዳ ነዳው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሩጫ ነው። ገበያተኛው ሸቀጡን ጥሎ አፈር ያፍሳል፣ ጀሪካን ያመጣል፣ ከረጢት ይወረውራል። ድንች ሻጯ በድንች መስፈሪያዋ ውኃ ስታመላልስ አየኋት። መኪናው ተረፈ፤ ሰውም አልተጎዳም። ተመስገን።

ግን እዚህ አገር እያንዳንዱ ቤት ከረጢቱን የሚሰፋበት ሲባጎ ቀለሙ የየራሱ ነው፤ ሲራገፍ እንዳይቀላቀል። የሚጨሰው ከረጢት አፉ በቢጫ የተሰፋ ነው። ቢጫ የእኛ ነው። ገበያው በሙሉ አየ።

የእኛ አብዛኛው አመድ ሆነ። ከሥሩ የነበረው የአያ ደሴ ሲሶው ሄደ፤ የስንዱ ከላይ ስለነበር ቀድሞ ወርዶ ተረፈ። አያ ደሴ ሰው ፊት የሚናገሩት በአማርኛ ነው፤ ከልባቸው ሲቆጡ ግን በአገውኛ ነው። ዛሬ አንድም የአማርኛ ቃል አልሰማሁም።

ይግዛው "ብዬሽ ነበር" በማለት ፈንታ ያልተቃጠለውን ጎንበስ ብሎ ሲለቅም ዋለ። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ግንቦት 7

ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ተባለ። ሊቀመንበሩና የግብርና ባለሙያዋ መጡ። ሰው ተቀመጠ፤ በግራም በቀኝም ከአጠገቤ ቦታ ተረፈ።

ባለሙያዋ ደብዳቤውን አነበበች። ክልከላው የሚመለከተው ከተፈጥሮ ደን የሚከሰለውን ነው፤ ግራሩን፣ ወይራውን። ተተክሎ የለማ ዲከረንስ እንደ ድሮው መሸኛ ይሰጠዋል። ወደፊት ግን በማኅበር ተደራጁ፣ በደረሰኝ ሽጡ ተብሏል።

ከተፈጥሮ ደን የሚለው ከደብዳቤው ወጥቶ ወፍጮ ቤት እስኪደርስ የት ወደቀ?

ተነሥቼ "ሐሙስ ለምን አልነገራችሁንም?" አልሁ። ድምፄ ከእኔ በላይ ጮኸ።

ባለሙያዋ "ደብዳቤው የደረሰን ሐሙስ ነው እታለም፤ ለሰባት ቀበሌ እኔ አንዷ ነኝ" አለችኝ። ፊቷ ላይ ድካም አየሁ። ልጅቷ እንደኔው ስትሮጥ ነው የከረመችው፤ ንዴቴን የምጥልበት አጣሁ። ደላላው እንደሆነ አልመጣም። በቅናሽ የሰበሰበውን ጭኖ ሄዷል አሉ።

ከበላይ አንድ ቃል ይወጣል። ነጋዴው ቀድሞ ይሰማዋል፣ እኛ መጨረሻ እንሰማዋለን፣ በመሃል ያለው ትርፍ የእሱ ነው። ይኼን ለማወቅ ከሰሌን ማቃጠል አልነበረብኝም።

ሰኞ፣ ግንቦት 8

ይግዛውና እኔ፣ ቄሱን ይዘን አያ ደሴ ቤት ሄድን። ከደጃፋቸው ድንጋይ ተሸክሜ ቆምሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲሸከም ነበር የማየው። ይከብዳል።

"አውርጂው" አሉኝ። ቄሱ ተናገሩ፤ እኔም የተረፈንን ከሰል ሁሉ እንዲወስዱ ለመንኋቸው።

"ያንቺን ከሰል ምን አደርገዋለሁ? እሳት ለምዷል" አሉ። ቄሱ ሳቁ። እኔ አልደፈርሁም።

ከዚያ ፍርዳቸውን ተናገሩ። "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ሁለተኛውን ክምሬን ዛሬ ደፍኜዋለሁ። እስኪበርድ አንቺ ትጠብቂዋለሽ፤ ሲበርድም አንቺ ትነግሪኛለሽ። እኔ አልመጣም፣ አልነካውም።"

"እኔን ያምኑኛል?" አልሁ።

"አሁን ካንቺ በላይ ማን ይፈራዋል?"

ይግዛው ጉሮሮውን ጠረገና ለእርሻ በሬ ያውሱን እንደሆን ጠየቀ። አያ ደሴ በሬያቸውን አልሸጡም፤ ሁላችንም ስንሸጥ ስቀንባቸው ነበር። "ክምሩ በደህና ከወጣ በሬዎቹን ውሰዱ" አሉት። ካልወጣስ? እሱን አልጠየቅንም።

ስንመለስ "የምንጩን ዳር ገብስ ዝራበት" አልሁት። "በቀረው ችግኝ እንተክላለን፣ መሃል ለመሃል ጤፍ" አለ። ይኼን ሐሳብ ስንት ዘመን አፉ ውስጥ ይዞት እንደኖረ እንጃ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 10

ትናንትም ዛሬም ክምሩ ሥር ነኝ። ስንጥቅ ባየሁ ቁጥር አፈር እደፍናለሁ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ቀድሞ እንዳይመጣ እሰጋለሁ። ቆሎዬን ይዣለሁ። ቤት ያለው ጤፍ ለዚህ ሳምንት እንኳ አይበቃም፤ ይግዛው ከወንድሙ ሊበደር አዘና ከተማ ሄዷል።

ከቀትር በኋላ ስንዱ እየሮጠች መጣች። ሩጫዋን ከሩቅ ሳየው ከተቀመጥሁበት ተነሣሁ።

"ብርቄ! ከቅዳሜ በኋላ ማኅበር ያልገባ ሰው መሸኛ አያገኝም አሉ! አያ ደሴን ጥሪያቸውና ዛሬ ይውጣ! እኔ እንኳ አዲሱን ክምሬን ልከፍተው ነው።"

"ደብዳቤውን ያየው ማን ነው?"

"ኧረ እኔ እንጃ፤ ሁሉም እያለው ነው።"

ምን ዋጋ አለው፣ እንደ ሐሙሱ ፈራሁ። በማኅበር ተደራጁ ተብሏል፤ ይኼን እኔው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይኼኛው እውነት ቢሆንስ? የአያ ደሴ ከሰል እዚሁ ዝናብ ቢመታውስ? በሬዎቹስ?

ተንበርክኬ መዳፌን አፈሩ ላይ አደረግሁ። ስንዱ ቆማ ታየኛለች። የዕለት እንጀራችንን አለፍሁ። በደላችንን ይቅር በለንንም አለፍሁ። ከክፉ ሁሉ አድነን ላይ ስደርስ አቃጠለኝና እጄን አነሳሁ።

"እ?" አለች።

"አልበረደም።"

"ነገስ?"

"ነገ ደግሞ ነገ አየዋለሁ። ያንቺንም እንዳትነኪው፤ ተቀመጪ፣ ቆሎ ብዪ።"

ተቀመጠች።