ዘይቱን ያልላክሁበት ምክንያት

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? የእማማ ወገብስ ተሻላት? ቤቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ ስለ እግርዎ ቁስል ሳነሳ «ደህና ነኝ» ብለው ስለዘጉብኝ፣ ይህን በሾፌር እጅ ልኬዋለሁ።

እህቴ ሁሉን ነግራኛለች። «ጀርም ይገድላል ብላኝ የለ? ከምትሠራበት ፋብሪካ የጦስኝ ዘይት ትላክልኝ» ብለዋል አሉ። ሐኪም ቤት ከሄድኩ እግሬን ይቆርጡኛል፣ ከዚያ የስፌት መኪናዬን በምን እረግጣለሁ ማለትዎንም ሰማሁ። አባባ፣ ዘይቱን አልላክሁም። ጨክኜብዎት እንዳይመስልዎ።

ያልኩዎት ውሸት አልነበረም። ቅጠሉን በእንፋሎት አፍልተን የምናወጣው ዘይት ውስጥ ብዙ ዓይነት ንጥረ ነገር አለ፤ ዋነኛው ታይሞል ይባላል። ዘይት የነካ ክብ ወረቀት ጀርም በተዘራበት ሳህን ላይ ስናስቀምጥ፣ በማግስቱ ዙሪያው ጠርቶ እናገኘዋለን። ዘይቱ የጀርሙን ሽፋን በስቶ ውስጡን ያፈሰዋል። ግን አለቃችን ኬሚስቷ እንደምትለን፣ ሳህኑ ላይ ደም የለም፣ መግል የለም፣ የሚቃጠል ሥጋ የለም። ዘይቱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም፤ የበጋውና የክረምቱ በማሽን ሲመረመሩ ዘመዳሞች እንኳ አይመስሉም።

እዚህ ቅጠሉ የሚፈላበትን ጋን የሚጠብቁ አንድ አዛውንት አሉ፤ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ስለሚውሉ «ጋሽ እንፋሎት» እንላቸዋለን። ባለፈው ወር የቆርቆሮ ክዳን አውራ ጣታቸውን ቆረጣቸው። ክሊኒክ ይሂዱ ብንላቸው «መድኃኒት ሳፈላ ውዬ መድኃኒት ፍለጋ ልሂድ?» ብለው ሳቁብን። ያልተበረዘውን ዘይት አንጠባጠቡበት። ቆዳው ተቃጥሎ ውሃ ቋጠረ፤ ጀርሙም ከሥር ሰርጎ ገባ። እሳቸው በጓንት ሸፍነው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከሁሉ የከፋው፣ የዘይቱ መዓዛ የቁስሉን ሽታ ደበቀው። አጠገባቸው የምውለው እኔን እንኳ የሸተተኝ ጦስኝ ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ቧንቧውን ሊዘጉ ሲሉ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ኬሚስቷ ጓንቱን ስታወልቀው ጣታቸው ጠቁሯል። ደግፈን ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ መግሉን አስመርምሮ «ይህ ጀርም የእናንተን ዘይት ከቁም ነገር አይቆጥረውም» አለን። ክንዳቸውን ለማትረፍ ጣታቸው ተቆረጠ። ልጠይቃቸው ስሄድ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተው ነበር። «በመጀመሪያው ቀን ብመጣ ታጥቦና ታሽጎ ያበቃ ነበር አሉኝ» አሉ። ደግሞም «ሽታው አታለለኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

አባባ፣ የእርስዎ ደግሞ ስኳር ያለበት እግር ነው። እህቴ «ምንም አያመኝም ይላሉ» ስትለኝ ነው የፈራሁት። በስኳር የደነዘዘ እግር እየበሰበሰም ላያም ይችላል። መቆረጥ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሲዘገይ ነው። እኛን ሁላችንን አብልቶ ያሳደገን ያ እግር ነው፤ እንዲሁ በዋዛ እንዲሄድ አልፈልግም።

እማማ ሆይ፣ እንደምን አለሽ? ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኚላቸው እንጂ ቅጠልም ቅባትም እንዳትነኪበት። ታላቅ ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን፤ ቢቆጡህም ደግፈህ ሐኪም ቤት ውሰዳቸው፣ ቁጣውን እኔ እችለዋለሁ። ጎረቤታችን አናጢው ጋሪውን እንዲያውሰን ከሰላምታ ጋር ለምኑልኝ። የእህቴን ትንሿን ልጅ ጉንጮቿን ሳሙልኝ።

አባባ፣ ይህን የምታነብልዎት እህቴ ናት። ደብዳቤው አልቋል። ክርክሩን ለመንገድ ያቆዩትና አሁን ይነሡ።

ልጅዎ

ከፋብሪካው ሠራተኞች ማደሪያ
ኅዳር ፲፬ ቀን፣ ሐሙስ