ሱሪ ጎታቿ ቡችላ

ልጄ ሆይ፣

ሳታማክሪኝ የመረጥኳትን ቡችላ ከቤቴ አስወጥተሽ ሌላ አስገባሽብኝ። ይህ በደል ነው። ሰላምታ ባስቀድም ኖሮ ነገሩን የተውኩት ይመስልሽ ነበር። አሁን ልጠይቅ፤ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽንስ ተሻለሽ? ባልሽ ደህና ነው? ልጆቹስ? እኔ አለሁ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል፤ ሌላው አካሌም ደክሞታል፣ ግን አብረን እንውላለን።

ወንድምሽን አትቆጪው፣ ያንቺን ትእዛዝ ነው የፈጸመው። ለጉዳይ ወጥቼ ስመለስ ክልሷ ቡችላ የለችም። በሩ ላይ ጆሮው የቆመ፣ ፀጉሩ የሚያብረቀርቅ ቡችላ ታስሯል። «አባባ፣ ንጹህ ዘር ነው፣ ወረቀት አለው፤ እህቴ ናት የላከችልዎት» አለኝ። መነጽሬን አድርጌ ወረቀቱን አነበብኩት። ቅድመ አያቶቹ ሳይቀሩ ሰፍረዋል። እኔ ከአያቴ በላይ አላውቅም፤ በዚህ ቤት ዘር የሚቆጥረው እሱ ሆነ። «ክልሷስ?» ስለው፣ «ለልብስ ሰፊው ሰጠኋት፤ እሷ እኮ መጮህ እንኳ አታውቅም» ብሎ ሳቀ።

እንደማትጮህ እኔም አውቃለሁ። የባለ ሥጋ ቤቱ ውሻ የወለደቻቸው ቡችሎች መሮጥ ሲጀምሩ ሄጄ ጓሮው ውስጥ በርጩማ ላይ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ቡችሎች ከሩቅ ይጮሁብኛል። እሷ መጥታ የሱሪዬን ጫፍ ነክሳ ጎተተችኝ። ምርጫዬን ጨረስኩ። ሰውየው «ይቺ እኮ አባቷ የመንገድ ውሻ ነው፣ ቆንጆውን ይውሰዱ እንጂ» ቢለኝ፣ «ልድራት አይደለም» አልኩት።

እንግዲህ ያልነገርኳችሁን ልንገርሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ስቀጠቅጥ ኖሬ ጆሮዬ ሄዷል። ከቅርብ ካልተናገሩኝ አልሰማም። ስልክሽን የማላነሳው ተቀይሜ አይደለም፣ ሲጠራ አልሰማውም። የደበቅኳችሁም፣ ብታውቁ ከቤቴ አንስታችሁ እንደ ዕቃ ካንዱ ልጅ ወዳንዱ ታዞሩኛላችሁ ብዬ ነው። ከዚህ ቤት አልወጣም።

ባለፈው ሳምንት ወንድምሽ በሩን ሲደበድብ ባለ ወረቀቱ ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኸ አሉ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ድንች እልጣለሁ። ልጁ ሞተዋል ብሎ አጥር ዘሎ ገባ። ፊቱ አመድ መስሎ፣ «አባባ፣ ይህን ሁሉ ጩኸት አይሰሙም?» ብሎ ጆሮዬ ሥር ጮኸ። «ሰምቼ ነው ዝም ያልኩት» አልኩት። መሬት ላይ ተቀመጠ። አሳዘነኝ፣ ግን የጆሮዬን ነገር አልነገርኩትም።

በማግስቱ ባለ ወረቀቱን ይዤ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። ገና ሲያየኝ፣ «ጋሼ፣ በፈጠረዎት ይውሰዱልኝ! እኔ አንዱን ሱሪ ስጠግን እሷ ሌላውን ትቀድዳለች፣ ደንበኛ ሊሸሸኝ ነው!» አለ። ተለዋወጥን። ወረቀቱንም ሰጠሁት። ስጦታሽን ነው የሰጠሁት፤ ቅር ካለሽ ይበልሽ።

ትናንት እያረፍኩ ሳለ ሱሪዬን ይዛ እስከ በሩ ጎተተችኝ። ስከፍት ወንድምሽ እያንኳኳ ቆሟል። እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ሱሪዬን አየ። አጎንብሶ ራሷን ደባበሳት፤ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። ለአማትሽ እግዜር ምሕረቱን ያውርድላቸው በያቸው። ትልቋ ልጅሽ ትምህርቷ ላይ ትበርታ፤ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። አንቺም ወገብሽን ጠብቂ፣ ከባድ አታንሺ።

በደሉን ጽፌዋለሁ፤ የጆሮዬንም ነገር ነግሬሻለሁ። ከዛሬ ወዲያ ስለ ሁለቱም ከእኔ አንዲት ቃል አትሰሚም።

አባትሽ
ከገዛ ቤቴ፣ ኅዳር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ረፋድ