የአባዬ መኪና የጭስ ዋጋ

ጥቅምት 4
ለከተማው የአየር ብክለት ኮሚቴ የማቀርበው ጽሑፍ አለቀ። ካርቦን ላይ ዋጋ ጣሉ፣ ጭሱ በራሱ ይቀንሳል፤ ሌላ ፖሊሲ አያስፈልግም። እንዴት ያለ አጭር ነገር! ቤት ስገባ የአባዬ አሮጌ መኪና ግቢውን በጭስ አፍናዋለች። እማዬ ያጠበችው አንሶላ ጠቁሯል... ለምን እቤት አልሞክረውም?

ጥቅምት 5
ሳሎን የብስኩት ጣሳ አስቀመጥኩ። ሞተር ያስነሳ ይከፍላል። አባዬ ሳይከራከር ጨመረ። ይኸው፣ ሠራ!

ጥቅምት 8
የት ሠርቶ! የነገውንም አስቀድሞ ከፍሎ፣ ቆሞ ሞተሩን ያስጓራል።
"ኧረ አባዬ፣ ጭሱ!"
"ከፍያለሁ እኮ ልጄ።"
ድሮ እንኳ ትንሽ ያፍር ነበር...

ጥቅምት 9
ዋጋውን አምስት እጥፍ አደረግኩት። ታገኛታለህ!

ጥቅምት 13
መኪናዋ ቆመች። አባዬም ቆመ። ከጡረታ ወዲህ ያለችው አንድ ደስታ ከተማው ማዶ ፀጉር አስተካካይ ጓደኛው ጋ ሄዶ ዳማ መጫወት ናት። በእኛ ሰፈር አውቶቡስ አያልፍም፤ ዋናው መንገድ ድረስ ደግሞ ጉልበቱ አያደርሰውም። ዛሬ ሳሎን ከራሱ ጋር ሲጫወት ዋለ። ተሸነፈ። ሳቅኩ፣ ከዚያ አንጀቴን በላው።
"ጭሱን አጥፊ ብንልሽ ሰውዬውን አጠፋሽው" አለችኝ እማዬ።
ስንት እንዲህ ያሉ አባቶች አሉ? ኮሚቴው ፊት ምን ልል ነው?

ጥቅምት 14
እማዬ ሕግ አወጣች፦ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ እያለ ሞተር አይነሳም፤ ከፈለም አልከፈለም። እኔ በጣሳው ገንዘብ ጎረቤታችንን፣ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ነጂውን፣ በኮንትራት ያዝኩት። አባዬን አውቶቡሱ ድረስ ያደርሰዋል፣ ማታ ይመልሰዋል። አኩርፎ ገባበት።
"እንደ ቲማቲም ጫንሽኝ!"

ጥቅምት 17
እያፏጨ ገባ። ፀጉር አስተካካዩን ሦስት ለዜሮ... "አውቶቡስ ውስጥ እያሰብኩ ነው የምሄደው፤ ስነዳ መቼ አስብ ነበር?"
ደስ አለኝ። ጽሑፉን እንደ አዲስ ጀመርኩ። ዋጋው ይቆያል፤ ገቢው ለአውቶቡስ፤ ለአሮጌ መኪና የእማዬ ዓይነት ሕግ። አናቱ ላይ፦ ዋጋ ብቻውን ዋጋ የለውም። ራሴው ጽፌ ራሴው ሳቅኩ።

ጥቅምት 21
የኮሚቴው ሰብሳቢ አናቱ ላይ ያለውን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ቃል በቃል ጻፈው። ተቀበሉት! በደስታ በቢሮ መኪና ቤት ደረስኩ። አባዬ ጣሳውን እያንቃጨለ በር ላይ ጠበቀኝ።
"በዚህ ሁሉ መኪና ብቻሽን?"
"አባዬ፣ ዛሬ እኮ..."
"አምስት እጥፍ ነው።"
ከፈልኩ። ነገ ባጃጁ ላይ ከጎኑ ቦታ እንዳለ ነግሮኛል።