ደረቁ ጣውላ

ሆዴ አበጀ፣

በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ተለየኸኝ፤ ገናም ፋሲካም ያለ አንተ አለፉ፣ አሁን ደግሞ ክረምቱ ሊገባ ነው። አፈሩን ገለባ ያርግልህ። ይህን ካልሁህ በኋላ ግን ንዴቴን ልንገርህ።

ቤታችን የእንጨት ወለል ገባለት። አዎ፣ ያ ዘመኔን ሙሉ ስለምንህ የኖርሁት። የደባርቅን ብርድ ታውቀዋለህ፣ ከአፈሩ ወጥቶ ጉልበቴ ውስጥ ነው የሚያድር። አንተ ለፈረንጆች ማረፊያ ጎጆ እንደ መስታወት ያለ ወለል ስትነጥፍ ትውልና፣ ማታ እኔ በእበት የለቀለቅሁት ላይ ትቀመጥ ነበር። ምነው ለእኛስ ስልህ መልስህ አንድ ነው፦ «ቆይ፣ እንጨቱ አልደረቀም።»

እርግጥ ከቤቱ ጀርባ ደርድረኸዋል። ንፋስ እንዲገባው በየመሀሉ ጭራሮ፣ እንዳይጣመም ከላዩ ድንጋይ። ልጃችንን ስንዱን እንኳ እንዲህ አልተንከባከብሃትም እያልሁ እስቅብህ ነበር። በደረቀ ቁጥር ግን ለማኝ አይታጣም። አንዱ ለበር፣ አንዱ ለአግዳሚ፣ ሌላው ለሬሳ ሳጥን። እምቢ ማለት አታውቅ። አገሩ ደግነትህን ያወራል፣ እኔ እበቴን አቦካለሁ።

የመጨረሻውን ጣውላ ለማንም አልሰጥም ብለህ ማልህልኝ። ለገና እንነጥፈዋለን አልህ። ገና ሳይደርስ ያ ሳል ጣለህ።

የሞትህ ለት ወንድምህ አያ ካሴ ወደ ጀርባ ዞሮ ጣውላውን ተሸክሞ መጣ። ሳጥንህን ሠሩበት። እኔ እያለቀስሁ የመዶሻውን ድምፅ እሰማለሁ፤ ወለሌ ነበር የሚቸነከረው። ሬሳ ፊት ስለ ወለል የምታነሣ ሚስት ምን ትባላለች?

አያ ካሴንም ሳይቆጨው አልቀረም። ለአርባህ ካህናቱና የጎንደር ዘመድ አፈር ላይ አይቀመጡም ብሎ፣ ከተቆረጠ ያልሰነበተ ባሕር ዛፍ አምጥቶ በጥድፊያ ቸነከረው። እርጥብ ነው ስለው፣ ተቸንክሮም ይደርቃል አለኝ። የመጣው ሁሉ ሸጋ ወለል እያለ በላ፣ ጠጣ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ጣውላው እየደረቀ ይጣመም፣ ይሰነጠቅ ጀመር። ገብሴ በስንጥቁ ይፈሳል፣ አይጥ ከሥሩ ትፈነጫለች፣ ብቅ ያለው ሚስማር አውራ ጣቴን ቀደደኝ። ብርዱም እንደ ድሮው ነው። የደረቀውን አንተ ይዘኸው ሄድህ፣ እርጥቡ ለኔ ተረፈ።

ባለፈው ሰሞን ስንዱ ከአዘዞ መጣችና አብረን ነቀልነው። አያ ካሴ ተቀየመኝ፤ ይቀየም። የተሰነጠቀውን ለማገዶ አድርጌ፣ ደህናውን አንተ በምታስቀምጥበት ቦታ ደረደርሁት፤ ጭራሮውንም ድንጋዩንም አልረሳሁም። ዝናም እንዳይመታው ቆርቆሮ አለበስሁት። ለመኝታችን ጥግ ይበቃል። እስኪደርቅ እንደ ልማዴ እለቀልቃለሁ።

ጣውላ ሊለምን የመጣ ጎረቤት ነበር፣ አልሰጥም አልሁት። ቃሉ ለአፌ እንግዳ ነው፣ ግን ወጣ። እኔም ስሞት በሰሌን ጠቅልላችሁ ቅበሩኝ፣ ወለሌን እንዳትነኩ ብዬ ስንዱን አስምያታለሁ።

አንተን መርሳት ቢያምረኝም አልችልበትም። እንጨቱ ደርቆ ሲነጠፍ፣ በባዶ እግሬ በቆምሁበት ቁጥር ስምህን አነሣለሁ። በፍቅር ይሁን በንዴት፣ ያን ጊዜ እነግርሃለሁ።

ሚስትህ የሻረግ