ስለ ሐጂ ሙሐመድያሲን መኪና የውሃ ጣሳ

ይህ ወረቀት ሐዋሳ ድረስ ሄዶ በእህቴ በማናለሽ አንደበት ከጆሮዎ ይድረስ፣ አባባ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ዓይንዎስ እንዴት ሆነልዎ? ሐኪሙ ፋሻውን ፈታልዎ ወይስ ገና ነው? እንቅልፍ ይወስድዎታል? ሙቀቱንስ ለመዱት? ማናለሽ በስልክ «ደህና ናቸው» ትለኛለች፤ እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ክፉ ወሬ መንገር ስለማትወድ ሙሉ በሙሉ አላምናትም። እኛ ቢቸና ያለነው ሁላችን ደህና ነን። እማዬን ወገቧን ያዝ ለቀቅ ያደርጋታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ጤፉ ቢጫ ሆኗል። ጠዋት ጠዋት ጋራዡን ስከፍት ከማዶ ያለው ማሳ በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ እያየሁ ቁልፍ በእጄ እንደያዝኩ ፈዝዤ እቀራለሁ።

አሁን የምጽፍልዎን ነገር በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ጎልማሳ ሰው ከሞጣ መጣና ጋራዡ በር ላይ ቆሞ «አቶ ይስማው የሉም?» አለኝ። ለሕክምና ሐዋሳ ናቸው፤ እኔ ልጃቸው ትርሲት ነኝ፤ ሥራውንም የምሠራው እኔ ነኝ አልኩት። እጄ ላይ ያለውን ግራሶ አየና ያመነኝ መሰለኝ። «እኔ ሙሐመድጣሂር እባላለሁ፤ የሐጂ ሙሐመድያሲን ልጅ ነኝ። እናቴ መኪናዋ ትነሳልኝ ብላለች» አለ። ሐጂ ካረፉ ሰባት ዓመታቸው ነው አለኝ። የትኛዋን መኪና እንደሆነ ሳይነግረኝ አወቅሁ።

ሐጂ ከአንድ ጣሊያናዊ የመንገድ መሐንዲስ የገዟትን፣ ጣሪያዋ የሚታጠፈውን ባለ ሁለት በር ሰማያዊ ስፖርት መኪና ነገር እርስዎ አንድ ቀን ብቻ ነው ያወሩልኝ። እኔ ያን ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የራዲያተሯን ትርፍ ውሃ የሚይዝ ጣሳ ከመዳብ ቀጥቅጠው እንደሠሩላት፣ በ1981 ዓ.ም. የሐጂ ባለቤት የእትዬ ሳሊሃ እናት እዚህ ቢቸና በጠና ታመው ባልና ሚስቱ ከሞጣ ሲገሰግሱ፣ ደብረ ወርቅን አልፈው ዳገቱ ላይ ሞተሩ ነዶ እንደቆመ ነገሩኝ። «ጣሳው ሙሉ፣ ራዲያተሩ ባዶ፤ ይህ እንዴት ይሆናል?» ብለው እኔን ይጠይቁኝ ጀመር። ቀጥለውም «ሴትዮዋ የእናታቸውን ዓይን ሳያዩ የቀሩት በእኔ ጣሳ ነው» አሉና ወጥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሞጣን እንዳልረገጡ፣ ከዚያ የሚመጣ ሥራም ቢሆን ለሌላ ጋራዥ እንደሚያሳልፉ አውቅ ነበር። ስለዚህ ለሙሐመድጣሂር እሺ ስለው ልቤ ፈራ።

መኪናዋ ሞጣ ከጨርቅ ሱቃቸው ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ በሸራ ተሸፍና ነበር የቆየችው። ሸራውን ስንገልጠው አቧራው ተነሣ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ የተበሳሳ ስለሆነ ብርሃኑ በአቧራው ውስጥ እንደ ክር እየተንጠለጠለ ሰማያዊ ቀለሟ ላይ ወረደ። እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ቤት የገባሁ መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። እትዬ ሳሊሃ በሩ ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ሦስት ሳምንት እዚያው እያደርኩ ሠራሁ። በሥጋ ነገር እንዳልቸገር ብለው ለእኔ ሽሮና ጎመን ለብቻ ያሠሩልኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጣሳዎን ፈታሁት። አባባ፣ እጅዎን አወቅሁት። ብየዳው እስከ ዛሬ አንዲት ቀዳዳ የለውም። ግን ቱቦው የተበየደው ከጣሳው አንገት ላይ ነው። ውሃው ሲሞቅ በዚያ ቱቦ ወደ ጣሳው ይወጣል፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ግን መልሶ ሲስብ የሚያገኘው አየር ብቻ ነው፤ ውሃው ከታች ተኝቶ ይቀራል። የራዲያተሩም ክዳን የድሮ ስለሆነ ማስወጣት እንጂ መመለስ አያውቅም። ሐጂ ጣሳውን ከፍተው ሙሉ ሲያዩት ውሃ አለ ብለው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ራዲያተሩ በየጉዞው ጥቂት ጥቂት እየጎደለ ሄዶ ያን ቀን ደረቀ። የጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ቱቦው አንድ ስንዝር ወደ ታች ቢወርድ፣ ክዳኑም መላሽ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ይህን ልደብቅዎ አስቤ ነበር። ግን ለባለ መኪና እውነቱን ሳልነግር ኮፈን እንዳልዘጋ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው መኪና በአገራችን እንዳልነበረ፣ አይቶ የሚነግርዎ ሰውም እንዳልነበረ አውቃለሁ።

የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ በሙቀት ጠሞ ስለነበር ባሕር ዳር ልከን አስላግነው። ሙሐመድጣሂር በሥሩ የሚነጠፈውን ጋርኒሲዮንና ባለ ሁለት ጎማ መላሽ ክዳን ከአዲስ አበባ አስመጣ። ለጣሳው ምትክ ከተገለበጠ ሚኒባስ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ፈታሁ። የዚያች መኪና ኮፈን ዝቅ ያለ ስለሆነ አልገባ ብሎኝ አራት ቦታ ሞከርኩት፤ በመጨረሻ በባትሪው ጎን ከጠፍጣፋ ብረት መቀመጫ ሠርቼ፣ እንዳይፋቅ ከሥሩ የብስክሌት ጎማ ቆርጬ አነጠፍኩለት። ቱቦውን እስከ ወለሉ አወረድኩት። ውሃው ከውጭ ስለሚታይ በሚስማር ጭሬ ምልክት አደረግሁበት።

ኅዳር ስድስት ረፋድ ላይ ጣሪያዋን አጥፈን ተነሣን። እኔ እነዳለሁ፤ እትዬ ሳሊሃ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ሙሐመድጣሂር ውሃ ጭኖ በአይሱዙ ከኋላ ይከተለናል። መኪናዋ ከመሬት በጣም ቅርብ ስለሆነች ጤፉ ከትከሻችን በላይ ሆኖ በግራና በቀኝ ያልፋል። መንገዱ ሳይሆን ማሳው የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። እትዬ ሳሊሃ እጃቸውን አውጥተው ነፋሱን እንደ ጨርቅ ይዳስሱታል። መርጡለ ማርያም መገንጠያው ላይ ሰዎች ቆመው ሲያዩን፣ ከሌላ ዘመን የመጣን መስለናቸው ይሆናል አልኩ በልቤ።

ደብረ ወርቅን አልፈን ያ ዳገት ላይ ስንደርስ ዓይኔን ከሙቀት መርፌው ላይ መንቀል አቃተኝ። መርፌው ከመካከል ትንሽ ከፍ አለና እዚያው ቆመ። ጫፉ ላይ እትዬ ሳሊሃ «እዚህ አቁሚልኝ» አሉ። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የጨመርኩበት አረንጓዴ ውሃ ከምልክቱ ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ ነበር። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን፤ ውሃው ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ወርዶ ምልክቱ ላይ ተመለሰ። እሳቸው እንደ ሕፃን ሳቁ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ያን ጊዜ ስለ ቱቦው ሁሉንም ነገርኳቸው። የአባቴ ስህተት ነው፤ እናትዎን ሳያዩ የቀሩት በዚህ ነው፤ አባቴም እስከ ዛሬ ይህን ተሸክሞ ይኖራል አልኳቸው።

ማናለሽ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቁሚና የአባባን እጅ ያዢልኝ።

እትዬ ሳሊሃ መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «እናቴ ያረፈችው ጎህ ሲቀድ ነው፤ እኛ ከሞጣ የተነሣነው ረፋድ ላይ ነው። ለእኔ መርዶውን ደብቀው ታማለች አሉኝ፤ ሐጂ ግን ያውቅ ነበር። መኪናዋ ስትቆም በጭነት መኪና መጣን፤ ቀብሩም እኔን ጠብቆ ነበር፤ በእጄ አፈር አልብሻታለሁ። በመኪናዋ ሰበብ እናቷን ሳታይ ቀረች ብሎ ለይስማው ማን ነገረው? ሐጂ ሁለት ጊዜ ሰው ልኮበት አልመጣም። እስኪሞት ድረስ ‹ያ ልጅ ምን አድርጌው ነው የራቀኝ?› ይል ነበር።»

አባባ፣ እርስዎ በደልኳቸው ብለው ሠላሳ አራት ዓመት ራቋቸው፤ ሐጂ ደግሞ እኔ በደልኩት ብለው አረፉ።

ቢቸና ስንገባ መጀመሪያ የእናታቸው መቃብር ሄድን፤ ከዚያ «ወደ እናንተ ቤት አድርሺኝ» አሉ። ከእማዬ ጋር ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ከዚያ ደግሞ ስለ እርስዎ እያወሩ ተሳሳቁ። ሲነሡ «ዓይኑ ዳነም አልዳነም ሞጣ ይምጣ፤ የሐጂን መቃብር በእጁ ይዳስስልኝና አጠገቤ ተቀምጦ ምሳ ይብላ» ብለው ላኩብዎ። አደራ ስላሉኝ ቃላቸውን እንዳለ ጻፍኩት።

እማዬ ናፍቆቷን ልካለች፤ ነጠላዎን አጥባ አስቀምጣለች። እህቴን ማናለሽን፣ ይህን ስታነብልዎ ድምጿ እንደሚቆራረጥ ስለማውቅ፣ ጉንጯን ስሜያታለሁ። ለባሏ ለኃይለ ጊዮርጊስ፣ ሐኪም ቤት ስለሚያመላልስዎ እግዜር ይስጥልኝ በሉልኝ። ለትንሿ ሊድያ አክስትሽ መኪና ውስጥ ታዞርሻለች በሏት። ፋሻው እንደተፈታ ሐዋሳ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ከቢቸና ሞጣ ድረስ እኔ እነዳለሁ፤ እርስዎ ሞተሩን ያዳምጣሉ።

ልጅዎ ትርሲት ይስማው
ቢቸና፣ ኅዳር 11 ቀን 2015 ዓ.ም.