ዋየርለሱን ማን አጠፋው?

ይድረስ ለእትዬ እጅጋየሁ፦

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተልኝ? እኔ እግዜር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ኦክላንድ ግን በርዷል። በእጄ ሳልጽፍ በኮምፒውተር በመጻፌ አይቀየሙኝ፤ የእጅ ጽሑፌ አልነበብ ብሏል።

ኮምፒውተሩም ጉደኛ ነው፤ ኢንተርኔቱ ጠፋብኝ። ልጄ ሩሓማ ከሳንሆዜ ደውላ «ዳዲ፣ ሪስታርት አድርገው» አለችኝ፤ ወይ ፍንክች! ኋላ ሳገላብጠው ጎኑ ላይ ትንሽ የዋየርለስ ማብሪያ ማጥፊያ አገኘሁ። ባበራሁት ቁጥር ተመልሶ ይጠፋል። ብቻዬን በምኖርበት ቤት ማን ነው የሚያጠፋው ብዬ ዓይኔን ተክዬ ጠበቅሁ። ለካስ አጠገቡ ያሳረፍኳት ቀኝ እጄ ናት፤ ሳላዛት እየተንቀሳቀሰች ትገፋዋለች! ፕላስተር ለጠፍኩበትና ተገላገልኩ።

እትዬ፣ አባባ ማንኪያ መያዝ ሳያቅታቸው በፊት፣ መጀመሪያ የጀመራቸው በየትኛው እጃቸው ነበር?

እግዜር ጤናዎን ያብዛልኝ። ሩሓማ ስትደውልልዎ ግን የኮምፒውተሩን ብቻ ያጫውቷት።

ወንድምዎ ዘነበ