የከለከልሽኝ ቤተክርስቲያን

ለእናቴ፣ አቃቂ

እንዴት ከርመሻል እማዬ? ወገብሽስ? ፋብሪካው ዛሬም ቀኑን ሙሉ ያቆምሻል? ማሙሽ እንዴት ነው፣ ጥርሱ ወለቀ? ጋሼ ታደሰስ ደህና ነው? እኔ ይመስገነው፣ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ። ጅቡቲ ሰው አይኖርም፣ ይቀቀላል። ሰላምታዬ ይኸው ነው። ጋሼ ታደሰ አጠገብሽ ካለ ግን እዚህ ጋ እጠፊውና ብቻሽን ስትሆኚ ጨርሺው።

ስትሸኚኝ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? አቃቂ ጣቢያ፣ ባቡሩ ላይ ልወጣ ስል ማተቤን ይዘሽ፣ "እዚያ የኛ ቤተክርስቲያን የለም። ጸሎትሽን ቤትሽ አድርጊ። በጣም ከጨነቀሽ የፈረንጆቹ ትበቃሻለች" አልሽኝ። ሳሪስ አቦን ሳትሳለሚ ውኃ የማትቀምሺ ሴትዮ ፈረንጅ ጋ ስትልኪኝ! ገርሞኝ ነበር። ግን ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ጥሎ የወጣ ሰው ምን አፍ አለው ብዬ ባቡሩ ላይ ወጣሁ።

እዚህ ስደርስ ብዙወርቅን ጠየቅኳት። ያረፍኩት እሷ ምግብ ቤት አይደል፣ ሳህን እያጠብኩ። "የሐበሻ ቤተክርስቲያን የለም ወይ?" ስላት ሽንኩርቷን ትከትፋለች፣ ቀና እንኳን አላለችም። "እናትሽ የነገረችሽ አይበቃሽም?" አለችኝ።

እሺ ብዬ ፈረንጆቹ ጋ ሄድኩልሽ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ፣ ተሳልሜ፣ በሴቶች በኩል ብዬ ቆምኩ። ለካ እነሱ ወንዱም ሴቱም ተደባልቆ፣ ጫማውን እንዳጠለቀ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው! ሁሉም ዞሮ እግሬን ያያል። ስወጣ ደግሞ ጫማዬ ውስጥ ሳንቲም ተጥሎበታል። ለማኝ መስያቸው! ልወረውርላቸው እጄን ካነሳሁ በኋላ የእግዚአብሔር ቤት ነው ብዬ ተውኩት። እንደዚያ ቀን ሆድ ብሶኝ አያውቅም።

ከዚያ አንድ እሁድ ጠዋት ውኃ ልቀዳ ስወጣ አንዲት ሴት ነጠላዋን አጣፍታ ስትሄድ አየሁ። ባልዲውን እዚያው ጥዬ ተከተልኳት። ብዙወርቅ ስለ ባልዲው እስከ ዛሬ ትሰድበኛለች፣ ትስደበኝ። አለ እማዬ! ቤተክርስቲያኑ አለ! ትንሽ ነው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፣ ግን ታቦት አለው፣ ከበሮ አለው፣ ቦታዬን ለቀሽ ሂጂ የሚሉ አሮጊቶችም አሉት። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሽበታም ሰውዬ ጸበል በጣሳ ሰጠኝ። ጠጣሁ፣ ፊቴን አበስኩ። እናቴ ዋሽታኝ አይደለም፣ ሳታውቅ ነው ብዬ ጨረስኩት።

ደስ ሲለኝ አባዬ ትዝ አለኝ። አዲስ ደብር ስንገባ የሙታኖቻችንን ስም ለካህን እንሰጥ የለ? አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። ቄሱን ፍታት ያድርጉልኝ አልኳቸው።

"የክርስትና ስሙ ማነው?"

"ወልደሚካኤል።"

"የዓለም ስሙስ?"

"አሻግሬ። የአቃቂ ሰው ነው፣ ባቡር ላይ ሲሠራ አዋሽ ጋ የሞተ።"

ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ቀሩ። "ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት የሚጎድለው አሻግሬ?" አሉኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። "ልጄ፣ ቅድም ጸበሉን የሰጠሽ ማን መሰለሽ?"

ዞርኩ። ጣሳውን እያጠበ ነበር። እጁን አየሁት።

እማዬ፣ ለዚህ ሰውዬ ጸጉሬን ተላጭቻለሁ እኮ! ድንኳን ተጥሎ፣ ካህናት ተሰብስበው፣ ተዝካሩ ሲበላ መሬት ላይ ተንከባልዬ አልቅሻለሁ። አንቺ ጥግ ላይ ተቀምጠሽ ሆድሽን በጋቢ ስትሸፍኚ ትዝ ይለኛል። በርዶሽ መስሎኝ ነበር። በየዓመቱ ሙት ዓመቱ ሲወጣ ለእንግዳው ወጥ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ያ ሁሉ የባቡር ሠራተኛ እዚህ ሲመላለስ አንድም ቀን አላየውም? ወይስ አቃቂ በሙሉ እያወቀ በልቶ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ?

እሱንም አልማርኩትም። "ማነው የገደለኝ?" ሲለኝ "የሰፈር ወሬ ነው" አልኩት። ለምን እንደዋሸሁልሽ እንጃ። መጀመሪያ አንቱ እያልኩት ነበር። "ሁለት ክረምት ሠርቼ ልመለስ ስል ከሌላ ሰው ጋር መሆኗን ሰማሁ። ከአቃቂ ሰው ሁሉ ተደበቅኩ። የተጋባነው በቁርባን ነው፣ እኔ አላፈረስኩትም" አለኝ። ያኔ አንቱታው ጠፋብኝ። "እሺ ከሷ ተቀየምክ። እኔ ምን አደረግኩህ? እኔም ሌላ አባት አግብቼብህ ነው?" ብዬ ጮህኩበት። አሮጊቶቹ ሁሉ ዞሩ። እሱ ጣሳውን ያገላብጣል።

በኋላ ሳስበው ገባኝ። በቁርባን የተጋባን ሰው ሞት ካልሆነ የሚለየው የለም። ጋሼ ታደሰ ደግሞ ካህን ሳይባርከን ቤትሽ አልገባም ያለ ሰው ነው። ስለዚህ አባዬ መሞት ነበረበት። ጥሎኝ የሄደ ባል ነው ብትዪኝ ምን ነበረበት? አንቺን ያሙትን ስንቶቹን በድንጋይ አባርሬልሻለሁ! ያንቺ ወገን ነበርኩ እኮ። የሚያንገበግበኝ እንደ ሰፈር ሰው እኔንም ማታለልሽ ነው። አልቃሽ አድርገሽ አስቀመጥሽኝ።

ዘንድሮ ሙት ዓመቱን እንዳታወጪ። ለንስሐ አባትሽ ሄደሽ ራስሽ ንገሪ፣ ከዚያ ለጋሼ ታደሰ። አባዬ ለገና አቃቂን ልያት እያለ ነው። ና አላልኩትም፣ ቅርም አላልኩትም። ከናንተ ደብዳቤ ይምጣ ብዬ ይዤዋለሁ። ስንት ጊዜ እንደምይዘው ግን አላውቅም፣ ጠባዬን ታውቂዋለሽ። ለካ ከሱ ነው የወረስኩት።

እመቤቴ ከፊትሽም ከኋላሽም ትሁን፣ ወገብሽን ታጽናልሽ። ተናድጄም ቢሆን ከልቤ ነው። ማሙሽን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ። ወንድም እንዳለኝ አምልጦኝ ለአባዬ ነግሬዋለሁ። እሁድ በመጣ ቁጥር፣ እሱ የሄደበትን ክረምት በጣቱ እየቆጠረ፣ ስንት ዓመቱ ነው ይለኛል። ረሳሁት እላለሁ። ዕድሜውን አንቺ ጻፊልኝ እማዬ። የጻፍሽውን እነግረዋለሁ።

ልጅሽ